ግድግዳው ለምን ይርገበገባል? የአኒሜሽን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። አያቴ የምትነግረኝን አንድ ተረት ብሌንደር በሚባለው የስሪዲ አኒሜሽን ፕሮግራም እየሠራሁት ነው። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በእኛ አገር ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ነው። አያቴ ባና ለብሳ ምድጃው ዳር ተቀምጣለች። ብርሃን የሚገኘው ከበሩና ከእሳቱ ብቻ ነው። አንዱን ፍሬም (አንዱን ምስል) ለብቻው ሳየው ደስ ይላል። ቪዲዮ ሲሆን ግን ግድግዳው በሙሉ ይርገበገባል፣ ጥላውም ቦታ ይቀያይራል። የእሳቱ ጣጣ ነው ብዬ እሳቱን ቀነስኩት፤ ምንም አልተሻለም። የምሠራው ብርሃኑን በሚያሰላው የብሌንደር ክፍል በሳይክልስ፣ በ128 ሳምፕል (ለአንድ ፒክስል 128 ጨረር)፣ ዲኖይዘር የሚባለውን የምስል ማጽጃ አብርቼ ነው። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ ነው ያለው። አንድ ፍሬም አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። የጠየቅኋቸው ሁሉ ሳምፕል ጨምሪ ነው የሚሉኝ። እስከ ስንት ልጨምር? ጥቂት ፍሬሞች አብሬ ልኬያለሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሳምፕል ከመጨመርሽ በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ሁለት ደቂቃ በ24 ፍሬም ሲሰላ 2,880 ፍሬም ነው። በአንድ ደቂቃ ተኩል ሲባዛ 72 ሰዓት ይመጣል። ላፕቶፑ ሳያርፍ ሦስት ቀን ይሠራል ማለት ነው። ኖይዝ፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚበተነው ነጠብጣብ፣ በግማሽ እንዲቀንስ ደግሞ ሳምፕሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። 128ቱን 512 ብታደርጊው ሦስቱ ቀን አሥራ ሁለት ቀን ይሆናል። ያን ሁሉ ጠብቀሽም መርገብገቡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ሳምፕል ጨምሪ ያሉሽ ሰዎች አልዋሹሽም። ግን የሚርገበገበው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቁጥር መጨመር ሕመሙ ሳይታወቅ መርፌ መውጋት ነው። መጀመሪያ ምርመራው ይቅደም።

የላክሽልኝን ፍሬም 140ንና 141ን ወስጄ አንዱን በሌላው ላይ ደረብኳቸው። አንቺም ልታደርጊው ትችያለሽ። ኮምፖዚተር (ምስሎች የሚቀነባበሩበት የብሌንደር ክፍል) ውስጥ ሁለቱን ምስሎች ሚክስ ኖድ ውስጥ አስገቢና ሞዱን ዲፈረንስ አድርጊው። ሁለቱ ፍሬሞች የሚስማሙበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። የማይስማሙበት ብቻ ይበራል። በጣም ከደበዘዘብሽ ውጤቱን በአሥር አባዢው። እኔ ሌላ ማንኛውንም ቁልፍ ከመንካቴ በፊት ይህን ነው የማየው። ደቃቅ ነጠብጣብ በምስሉ ሁሉ ላይ ከተበተነ ተራ ኖይዝ ነው። ሰፋፊ እድፍ ከታየ ዲኖይዘሩ ነው። ምስሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ከበራ የአንድ መብራት ጉልበት ወይም ኤክስፖዠሩ (የምስሉ አጠቃላይ ድምቀት) ከፍሬም ወደ ፍሬም ተቀይሯል። የሚበራው የሚንቀሳቀስ ዕቃ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ አትንኪው።

ያንቺ እንደሚከተለው ነው። ከእንስራው በስተቀኝ፣ ከበሩ ርቆ ያለውን ግድግዳ ተመልከቺ። በ140 አንዱ ድንጋይ ፈካ ብሏል። በ141 ያው ድንጋይ ጠቁሮ ጎረቤቱ ፈክቷል። በድንጋዮቹ መሐል ያለው የጭቃ ምርጊት በአንዱ ፍሬም ላይ ይታያል፣ በሌላው ላይ ተልጎ ጠፍቷል። ካሜራው አልተንቀሳቀሰም። የእሳቱም ጉልበት በሁለቱ ፍሬሞች ላይ ያው ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሳቱን በከንቱ ነው የጠረጠርሽው። ግድግዳውን የሚረብሸው ዲኖይዘሩ ነው። ለማረጋገጥ ከፈለግሽ የእሳቱን መብራት ጨርሶ አጥፊና አሥር ፍሬም አውጪ። ግድግዳው አሁንም ይርገበገባል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሳይክልስ ከካሜራው ጨረር ይልካል። ጨረሩ ግድግዳ ይመታና ነጥሮ ብርሃን ፍለጋ ይሄዳል። ያንቺ ቤት መስኮት የለውም፤ ያለው አንድ ጠባብ በር ነው። አብዛኛው ጨረር በሩን ሳያገኝ ባዶ እጁን ይመለሳል። ከ128 ጨረሮች ለአንዱ ፒክስል ሦስቱ፣ ለጎረቤቱ ዘጠኙ ሊቀናቸው ይችላል። ይህን ያልተሟላ መረጃ ተቀብሎ «እዚህ ጋ ያለው ድንጋይ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የሚሞላው ዲኖይዘሩ ነው። ኦፕን ኢሜጅ ዲኖይዝ የሚባለው ዲኖይዘር ብሌንደር ውስጥ ሲሠራ የሚያየው አንዱን ፍሬም ለብቻው ነው። ባለፈው ፍሬም ላይ ምን እንደገመተ አያውቅም። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው የሚያምረው፣ ሲቀጣጠሉ ግን የማይስማሙት።

እንግዲህ መፍትሔው ጨረር ማብዛት ሳይሆን ብርሃኑን በቀላሉ እንዲገኝ ማድረግ ነው። ከበሩ እንጀምር። በበሩ ልክ የሆነ ኤሪያ ላይት (ጠፍጣፋ መብራት) በሩ ላይ አስቀምጪ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሪው፣ ፖርታል የሚለውን ምረጪለት። ፖርታል ራሱ አያበራም። ከሰማዩ የሚመጣው ብርሃን በዚህ በኩል ነው የሚገባው ብሎ ለሳይክልስ ይነግረዋል። በአንድ በር ብቻ ብርሃን በሚገባበት ቤት ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ቀጥሎ ግድግዳው። ቀለሙን 0.8 አድርገሽዋል፣ የሚመታውን ብርሃን 80 በመቶ ይመልሳል ማለት ነው፤ ይህ ኖራ የተቀባ ቢሮ ነው። የመንዝ ቤት ግድግዳ ዕድሜውን ሙሉ ጭስ ሲጠጣ የኖረ ነው። አያትሽ ቤት ግቢና ከምድጃው በላይ ያለውን ድንጋይ በጣትሽ ንኪው፤ ጥላሸት ይዞሽ ይወጣል። ይህን ቀለም፣ ቤዝ ከለሩን፣ ወደ 0.1 አውርጂው። ወደ በሩ አካባቢና ወደ መሬቱ ሲቀርብ ትንሽ ፈካ ይበል። ይህን የምልሽ ለውበቱ ብቻ ብዬ አይደለም። በ0.8 ግድግዳ ላይ ሦስት ጊዜ የነጠረ ብርሃን ግማሹ ይተርፋል። በ0.1 ግድግዳ ላይ ግን የሚተርፈው ከሺህ አንድ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ የሚንከራተተው ብርሃን አብዛኛው ይጠፋል። የሚቀረው በቀጥታ ከበሩና ከእሳቱ የሚመጣው ነው፤ እሱን ሳይክልስ ያለ ችግር ያገኘዋል። ብርሃን ስንት ጊዜ እንደሚነጥር የሚወስነውን የዲፊዩዝ ባውንሱንም ከ4 ወደ 2 ብታወርጂው ማንም ልዩነቱን አያይም፣ ጊዜም ታተርፊያለሽ። ቤቱን በእውነተኛ መልኩ ስትሠሪው ሬንደሩም (ምስሉን የማውጣቱ ስሌት) አብሮ ይቀልልሻል። እኔ ይህን ሥራ የምወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን እሳቱ። ግድግዳውን ባይረብሽም የራሱ ችግር አለበት። የሠራሽው ኢሚሽን በሰጠሻቸው (ራሳቸው እንዲያበሩ ባደረግሻቸው) ብዙ ትናንሽ የነበልባል ቁርጥራጮች ነው። ትንሽና በጣም ብሩህ ነገር ለሳይክልስ አስቸጋሪ ነው፤ በአንዳንዱ ፍሬም ላይ ብልጭ ብለው የሚጠፉትን ነጫጭ ነጥቦች የሚያመጣው እሱ ነው። ነበልባሉን መታያ ብቻ አድርጊው። የዕቃው ቪዚቢሊቲ ውስጥ ሬይ ቪዚቢሊቲ የሚለውን ክፈቺና ዲፊዩዝንና ግሎሲን አጥፊ። ነበልባሉ ለካሜራው ይታያል፣ ግድግዳ ግን አያበራም። የማብራቱን ሥራ ለሁለት ፖይንት ላይቶች (ከአንድ ነጥብ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ለሚያበሩ መብራቶች) ስጫቸው። ራዲየሳቸውን አሥር ወይም አሥራ አምስት ሳንቲሜትር አድርጊና ምድጃው ውስጥ አስቀምጫቸው። ጉልበታቸው በጊዜ እንዲለዋወጥ ኪፍሬም አድርጊበትና ግራፍ ኤዲተር ውስጥ ኖይዝ ሞዲፋየር ጨምሪ። ስኬሉ (የመርገብገቡ ዝግታ) ስምንት ገደማ ይሁን። የሁለቱ ፌዝ (መነሻ) ይለያይ፣ አለበለዚያ አብረው ይዘላሉ። ስኬሉን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ካወረድሽው እሳት መሆኑ ይቀርና የተበላሸ አምፖል ይሆንብሻል። እሳት እንዲርገበገብ እንፈልጋለን። እንዴት እንደሚርገበገብ ግን የምታዢው አንቺ መሆን አለብሽ።

ነጫጭ ነጥቦቹ ከዚህም በኋላ ካልጠፉ የነጠረ ብርሃን ከልክ በላይ እንዳይደምቅ የሚገድበውን ክላምፕ ኢንዳይሬክት የሚለውን ከ10 ወደ 3 አውርጂው። ትንሽ ያጨልማል፤ ለአመሻሽ ቤት ግን አይጎዳም።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚያድንሽ የሚከተለው ነው። ካሜራው የቆመባቸውና አያትሽ የማይታዩባቸው ሾቶች (ትዕይንቶች) አሉሽ፤ ባዶው ቤት፣ በሩ፣ ምድጃው። እነዚህን በየፍሬሙ ሬንደር ማድረግ አያስፈልግሽም። ብርሃን ይደመራል፤ የበሩን ብርሃንና የእሳቱን ብርሃን ለየብቻ አውጥተሽ ብትደምሪያቸው ሙሉው ምስል ይመጣል። ብሌንደር ከ3.2 ጀምሮ የመብራቶችን ብርሃን ለየብቻ የሚያወጣ ላይት ግሩፕ የሚባል ነገር አለው። ሰማዩን አንድ ግሩፕ፣ ሁለቱን የእሳት መብራቶች ሌላ ግሩፕ አድርጊ። አንድ ፍሬም ብቻ በ4,096 ሳምፕል አውጪ። አሁን ባለው ፍጥነትሽ 48 ደቂቃ ይፈጃል፣ ግን ለሾቱ ሁሉ አንድ ጊዜ ነው። ኮምፖዚተር ውስጥ ለሁለቱም ግሩፖች ለየብቻ ዲኖይዝ ኖድ ስጫቸው። ከዚያ የእሳቱን ግሩፕ እየጨመርሽና እየቀነስሽ ከበሩ ጋር ደምሪው። ነበልባሉን ለብቻው፣ ጀርባው ባዶ በሆነ ሌየር አውጥተሽ ከላይ ጫኚበት። ግድግዳው ከአንድ ምስል ስለሚመጣ የሚርገበገብበት መንገድ የለውም። ለዚህ ግን የእሳቱ መብራቶች ቦታቸውን መቀየር የለባቸውም፤ ጉልበታቸው ብቻ ይለወጥ።

አያትሽ ያሉባቸው ሾቶች ላይ በፖርታሉና በጠቆረው ግድግዳ አማካይነት 128ቱ ወይም 256ቱ ሊበቃሽ ይገባል። ካርድሽ ኤንቪዲያ ከሆነ ሌላም አማራጭ አለሽ። ከብሌንደር 3.1 ጀምሮ ኦፕቲክስ የሚባለው የኤንቪዲያ ዲኖይዘር ያለፈውን ፍሬም እያየ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ፍሬሞቹን በመልቲሌየር ኢኤክስአር (ብዙ ንብርብር በሚይዝ የምስል ፋይል)፣ ከዲኖይዚንግ ዳታና እንቅስቃሴውን ከሚመዘግበው ከቬክተር ፓስ ጋር አውጪና ትዕዛዙን ከፓይተን መስኮት ታስኬጂዋለሽ። ሞሽን ብለር (የእንቅስቃሴ ብዥታ) ከበራ ግን ቬክተር ፓስ አይወጣም። ሲጀመር አጥፊው።

ባናው ላይ የሚታየው መንጸባረቅ የተለየ ጉዳይ ነው። የሱፉን ፀጉር በጣም አቅጥነሽዋል። ከፒክስል የቀጠነ ፀጉር በአንዱ ፍሬም ይታያል፣ በሌላው ይጠፋል። በሩቅ ሾት ላይ የፀጉሩን ብዛት ቀንሺና ውፍረቱን ጨምሪ። ባና ሲነካ ወፈር ያለ ነገር ነው፤ እንዲያውም ይስማማዋል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ሬንደርሽ በቀጥታ ቪዲዮ ሆኖ አይውጣ። በፒኤንጂ ወይም በኢኤክስአር አውጪ፣ ኦቨርራይት (በነበረው ፋይል ላይ ደግሞ መጻፍ) የሚለውን አጥፊ። መብራት ቢሄድ ሲመለስ እንደገና ስታስጀምሪው ካቆመበት ይቀጥላል። በቀጥታ ቪዲዮ ሆኖ ሲወጣ መሐል ላይ ከተቋረጠ ሦስቱም ቀን ይባክናል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ ደብረ ሲና የምኖር የቤት ዲዛይን ባለሙያ ነኝ። ጣርማ በር ላይ ሊሠራ ለታሰበ የእንግዳ ማረፊያ ስሪዲ ማክስ በሚባለው የስሪዲ ፕሮግራምና ቪሬይ በሚባለው ሬንደር ማድረጊያው የጉብኝት ቪዲዮ እያዘጋጀሁ ነው። የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ ነው። የክፍሉ ማዕዘንና ከኮርኒሱ ሥር ያለው ጥላ በየፍሬሙ ይዘላል። የሚነጥረውን ብርሃን ለማስላት ኢራዲያንስ ማፕና ላይት ካሽ የሚባሉትን የቪሬይ ዘዴዎች ነው የምጠቀመው። በመስኮቱ በኩል የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያም ያለማቋረጥ ያብረቀርቃል።

መልስ፦ እርስዎ ዘንድ ጥፋተኛው ሌላ ነው። ኢራዲያንስ ማፕ ብርሃኑን በሁሉም ፒክስል ላይ አያሰላም። ነጥቦች ይመርጥና እዚያ ያሰላል፣ በመሐል ያለውን ይሞላዋል። ሞዱ ሲንግል ፍሬም ላይ ከሆነ በየፍሬሙ አዲስ ነጥብ ይመርጣል። ጥላው የሚዘለው ነጥቦቹ ስለሚቀያየሩ ነው።

የሚንቀሳቀሰው ካሜራው ብቻ መሆኑ ዕድለኛ ያደርግዎታል። ሞዱን ኢንክሪመንታል አድ ቱ ከረንት ማፕ ያድርጉት። የመጨረሻውን ምስል እንዳያወጣ ይዝጉት፣ ከዚያ በየአሥር ፍሬሙ ብቻ ያስኬዱት። ካሜራው በፍጥነት የሚዞርበት ቦታ ካለ በየአምስቱ ያድርጉት። ማፑን ፋይል አድርገው ያስቀምጡና ሞዱን ፍሮም ፋይል ያድርጉ። አሁን ሁሉም ፍሬም የሚያነበው አንድ ማፕ ነው። ላይት ካሹንም በፍላይ ስሩ (ለካሜራው ጠቅላላ ጉዞ) ሞድ አንድ ጊዜ አስልተው ያስቀምጡት።

ደንበኛዎ ነገ ደግሞ «በሩ ሲከፈት ይታይ፣ መጋረጃው ይወዛወዝ» ካለ ይህ ዘዴ አይሠራም። የተቀመጠው ጥላ የድሮ ቦታው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ያን ጊዜ ፕራይመሪውን (የመጀመሪያውን ንጥረት ስሌት) ብሩት ፎርስ፣ ማለትም ሁሉንም ፒክስል በቀጥታ የሚያሰላውን፣ ያድርጉት። ይዘገያል፣ ደቃቅ ኖይዝም ይተዋል፣ ግን ጥላ አይዘልም። ኮምፒውተርዎ ከቻለ እኔ ከመጀመሪያውም ብሩት ፎርስን እመርጣለሁ። የሚጠፋው የኮምፒውተር ጊዜ እንጂ የእርስዎ ጊዜ አይደለም።

ቆርቆሮው የብርሃን ችግር አይደለም። የቆርቆሮው ሞገድ ከሩቅ ሲታይ ከአንድ ፒክስል ይጠብባል፤ ካሜራው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አንዴ ጀርባው፣ አንዴ ሸለቆው ይያዛል። የኢሜጅ ፊልተርዎ ካትሙል ሮም ከሆነ ይቀይሩት፤ ስለት ይጨምርና ያባብሰዋል። ኤሪያ ወይም ሚቸል ይሻላል። የሩቁን ጣሪያ ጂኦሜትሪ ጠፍጣፋ አድርገው ሞገዱን በበምፕ (ጎርባጣ በሚያስመስል የገጽታ ምስል) ብቻ ያሳዩ፣ ግሎሲነሱንም (አንጸባራቂነቱን) ይቀንሱ። ደግሞ ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ያልጎበኘው ጠዋት ስንት ነው? ትንሽ ጭጋግ ቢያለብሱት ሩቁ ጣሪያ ይለሰልሳል፣ ቦታውንም ይመስላል። ጭጋጉን ግን ርቀትን በሚመዘግበው በዚ ዴፕዝ ፓስ ከሬንደር በኋላ ይጨምሩት። ቮሊዩሜትሪክ ካደረጉት፣ ማለትም ሬንደሩ ውስጥ እንደ እውነተኛ ጭጋግ ካሰሉት፣ ሌላ የሚርገበገብ ነገር ጨመሩ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የምኖረው አንኮበር ነው። ተራራው ላይ ጎሕ ሲቀድ የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ሠርቻለሁ። ፒኤንጂዎቹ ንጹሕ ናቸው። ቪዲዮ አድርጌ በቴሌግራም ስልከው ግን ጨለማው ሰማይ መስመር መስመር ይሠራል፣ ከሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥም አንዴ ነዘር ይላል።

መልስ፦ ፒኤንጂዎቹ ንጹሕ ከሆኑ ሬንደርህን አትንካው። ችግሩ ቪዲዮው ሲታመቅ የመጣ ነው። ቪዲዮውን የሚያምቀው ኤች 264 በየተወሰነ ፍሬም አንድ ሙሉ ምስል ያስቀምጣል። በመሐል ያሉት ላይ ለውጡን ብቻ ይጽፋል። ብሌንደር ራሱ የሚያስቀምጠው ልዩነት 18 ፍሬም ነው፤ በ24 ፍሬም ሲሰላ በሴኮንዱ ሦስት አራተኛ ላይ አንዴ ማለት ነው። የሚነዝርህ ሰዓቱ እሱ ነው። አውትፑት ኳሊቲውን ፐርሴፕቹዋሊ ሎስለስ አድርገው። መስመሮቹ የሚመጡት በተለመደው ባለ 8 ቢት ቪዲዮ ላይ አንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለው ነው። ጎሕ ደግሞ ከጨለማ ወደ ትንሽ ፈካ ያለ ጨለማ የሚሄድ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው። ኮምፖዚተር ውስጥ እምብዛም የማይታይ ደቃቅ ግሬይን (ነጠብጣብ) ጨምርበት፣ መስመሩን ይሰብረዋል። በቴሌግራም ስትልክም እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው። እንደ ቪዲዮ ከላክኸው እንደገና ያምቀዋል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት። ሰርግ እቀርጻለሁ፣ ስምና ጽሑፍ በአኒሜሽን እጨምርበታለሁ። አዳራሹ ባለ ሸምበቆ አምፖል ነው። ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። አኒሜሽኑ ነው ወይ የሚያበላሸው?

መልስ፦ አኒሜሽኑ ምንም አላደረገም፤ ከቀረጻው ነው የመጣው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። አምፖሉ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ 100 ጊዜ ይደበዝዛል። ካሜራህን 25 ፍሬም፣ ሸተሩን (ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ሃምሳኛ ወይም መቶኛ ሴኮንድ አድርገው። በስልክ የምትቀርጽ ከሆነ ሴቲንጉ ውስጥ አንቲ ፍሊከር የሚለውን ፈልግና 50 ላይ አድርገው። የጽሑፉን አኒሜሽንም በ25 ፍሬም አውጣው፣ ከቀረጻው ጋር እኩል እንዲሄድ። ቀድሞ የተቀረጸውን ሰርግ በማረም ማዳን ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ አዳራሹ ቀደም ብለህ ግባና ሙሽሮቹ ሳይደርሱ መብራቱን አብርተህ አንድ ደቂቃ ቅረጽ፣ እዚያው ትልቅ ስክሪን ላይ እየው።